ግማሽ ጥማድ

አስማረ ማኪናዋን ከደባርቅ አውጥቶ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ሲያስገባት፣ ቀንበሩ ከኋላ ወንበር ተንሸራቶ የልዕልትን ጉልበት መታ።

«ጣራ ላይ እንሰረው ብዬ ነበር» አለ አስማረ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ። «እንጨት ነው እማማ፤ ጉንፋን አይዘው።»

«በየኬላው ምንድን ነው እያሉ እንዲገላልጡት ነው?» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ ከፊት ወንበር። «አንተ መንገድህን እይ። ይኼ እንጨት ካንተ ቀድሞ ነው ይህን አገር የረገጠ።»

«እሺ። ከጎንደር ጀምሮ እየነዱ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ መሪውን ብቻ ነው የያዝኩት።»

ወይዘሮ እጅጋየሁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልዕልት ግን ፈገግታቸውን አየች። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጎንደር ከገቡ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚመለሱትም ለቀብር ብቻ ነበር። ለዛሬው ጉዞ ግን ማንም ሳይልካቸው ሹፌር ቀጥረው፣ የወንድማቸውን ልጅ ልዕልትን ከምትሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ፈቃድ አስጠይቀው፣ ገና ሳይነጋ ተነሥተዋል።

ልዕልት ቀንበሩን የሸፈነውን ብርድ ልብስ መልሳ ጠቀለለች። ከዛሬ በፊት አይታው አታውቅም። ከአክስቷ አልጋ ሥር፣ ከሣጥኑና ከአሮጌ ቦርሳዎቹ ኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ኖሯል። እንደ ሌላ ቀንበር አይደለም። በአንደኛው ወገን የበሬ አንገት የሚያቅፉት ማነቆዎች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ተራርቀዋል። በሌላው ወገን ተቀራርበዋል፤ በመካከላቸው ያለው እንጨትም ቀይ ቆዳ ተጠቅልሎበት በጅማት ተሰፍቷል። ቆዳው ላይ ትናንሽ ኮከቦች በተርታ ታትመዋል። ተርታው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ድንገት ይቆማል፤ የመጨረሻው ኮከብ እኩሌታው ብቻ ነው ያለው።

«ይኼኛው ወገን ለምን ዓይነት በሬ ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ለበሬ አይደለም» ብለው ብርድ ልብሱን አልብሰውታል።

ነገሩ የጀመረው ከአሥር ቀን በፊት ነው። የልዕልት ታናሽ ወንድም አቢ በመጪው ጥር ሄለንን ሊያገባ ተስማምቷል። ሁለቱም ጎንደር ነው የሚኖሩት፤ እሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ እሷ ነርስ ናት። የሁለቱም ቤተሰብ ግን ከመካነ ብርሃን በላይ ካለችው ከአስታ ሜዳ ነው። በአስታ ሜዳ ልጅ የፈለገውን ያህል ቢማር ዘር ሳይቆጠር አያገባም። በመጀመሪያ የወንዱ አባት በሽማግሌ ፊት ሰባት ቤት ይቆጥራል። ከዚያ የሴቷ አያት መልሰው ይቆጥራሉ፤ መልሰው መቁጠራቸውም እሺታቸው ነው። አንድ ስም ከሁለቱም ወገን ከተገኘ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸውና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

የልዕልት አባት አያ አወቀ ዘር መቁጠር አይወዱም። አወቀ፣ አለነ፣ ብሩ፣ ዋሴ ብለው ከአራተኛው አያልፉም፤ አምስተኛው ጋ ሲደርሱ ያስላቸዋል። ይህን ሳል አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። በየሠርጉ ሰው ይጠብቀዋል፣ ደግ ሰው ካለ ውሃ ያቀብላቸዋል፣ እስኪጠጡም ጨዋታው ይለወጣል። ከአሥር ቀን በፊትም ሳሉ። የሄለን አያት አያ ላቀው ግን ውሃ አላቀበሉም። ሳሉ እስኪበርድ ጠበቁና ቆጠራውን ጨረሱላቸው።

«አምስተኛው ባላምባራስ ዘወልዴ ነው» አሉ። «ምነው ረሳኸው? አባትህ አለነ በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት በሚካኤል ደጅ፣ በአባቴ ፊት፣ ዋሴ የዘወልዴ ልጅ ነው ብሎ ምሎ ርስት ወስዶብናል። የሄለንም አምስተኛ አባት ዘወልዴ ነው። እንግዲያው ልጆቹ ሥጋ ናቸው። ሥጋና ሥጋ አናጋባም።»

ዋሴ የዘወልዴ ልጅ እንዳልነበረ አስታ ሜዳ ውስጥ የማያውቅ የለም። በክፉው ቀን፣ ከብት ባለቀበት ዘመን፣ ከሩቅ የመጣ ገበሬ ነበር። ሰው በአያ አወቀ ፊት አይናገረው እንጂ ከጀርባቸው ቤቱን «ግማሽ ጥማድ» ይለዋል። አያ ላቀውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የፈለጉት ጋብቻውን ማፍረስ አልነበረም፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩትን ቃል መስማት ነው። እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጡ። አወቀ ድንጋይ ተሸክሞ ከቤቴ ይምጣ፣ አባቴ በሐሰት ምሏል፣ እኛ መጤዎች ነን፣ ርስታችሁን ሰርቀን በላን ይበል፤ የዚያን ጊዜ ልጆቹን እናጋባለን። ካላለ ዝምድናው ጸንቷል።

አያ አወቀ ለልጃቸው ብለው ሊሸከሙ ቆረጡ። ይህንኑም ለታላቅ እኅታቸው በስልክ ነገሯቸው።

«እኔ ሳልደርስ እንዳትገባ» ብለው ወይዘሮ እጅጋየሁ ስልኩን ዘጉት።

ቧሒት ማለፊያ ላይ የማኪናዋ ውሃ ፈላ። አስማረ ኮፈኑን ከፍቶ፣ «ትተንፍስ፤ እኛም እንተንፍስ» አለ። ነፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ ይነፍሳል። ከመንገዱ በታች ጭላዳዎች ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ሣር ይነጫሉ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ጋቢያቸውን አጥብቀው ወረዱና ወደ ምሥራቅ፣ ተራራው ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደሚጠፋበት ጭጋግ አመለከቱ።

«ከዚያ ታች ተከዜ ነው። ዋሴ በዚያ በኩል ነው የወጣ። የደላንታ ሰው ነው።»

«አባባ ደላንታ ሲል ሰምቼው አላውቅም» አለች ልዕልት።

«አባትሽ ስሙን ሲሰማ ይስለዋል፤ ምን ብሎ ይነግርሻል።»

ወይዘሮ እጅጋየሁ የዋሴን ታሪክ የሰሙት ከሚስቱ ከወለተ ሚካኤል ነው። ወለተ ሚካኤል፣ እጅጋየሁ አሥር ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ፣ በሕይወት ነበረች። አንድ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር። የአሮጊቷ መዳፍ እንደ ወንድ መዳፍ ከጣቶቹ ሥር ጠጥሮ የቀረ ነበር፤ ትንሿ እጅጋየሁ እሱን እየነካካች ነው ታሪኩን የለመደችው።

ዋሴ ከደላንታ ሲነሣ ከዐሥራ አንድ ከብት አንድ በሬ ተርፎታል፤ ዳልቻ ይባላል። በዚያ ዘመን በሬ ይዞ መሄድ ሞትን ይዞ መሄድ ነበር፤ የራበው ሁሉ ሥጋ ነበር የሚያየው። ዋሴ ቀን ቀን ዋሻ ውስጥ ደብቆት፣ የሚጋጠውን በጉያው እያመጣ፣ ሰው ከመንገድ ሲርቅ ይነዳው ነበር። ተከዜ ዳር ሲደርስ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘ። አጠገቧ የገብስ ዘር የሞላ ስልቻ አለ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እህል ይዘሽ ምነው ትራቢያለሽ ቢላት፣ ይኼ ዘር ነው፣ አይበላም አለችው። እሱ በሬውን እንዳላረደው እሷም ዘሩን አልቆረጠመችም ነበር። ሌላ ነገር ሳይነጋገሩ አብረው ተሻገሩ።

አስታ ሜዳ ሲደርሱ ባላምባራስ ዘወልዴ ከሎሌዎቹ አብዛኞቹ ሞተውበት፣ ልጆቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ከከብቱ ሁሉ አንዲት በቅሎ ቀርታው ነበር። በሬውን ሲያይ ይታረድ አለ። ዋሴ ተንበርክኮ፣ «ጌታዬ፣ ካረዱት ሳምንት ይበሉታል። መሬት ቢያሳዩኝ ግን እስከ ዓመት ያበላዎታል» አለው። ዘወልዴ ሳቀ። አንድ በሬ ምን ያርሳል? ጥማድ ሁለት ነው።

«ሁለተኛው እኔ ነኝ አለው» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ። «ቀንበሩን ራሱ ጠረበ። በአንዱ ወገን ዳልቻ፣ በአንዱ ወገን እሱ።»

አስማረ ኮፈኑን ደግፎ ሲያዳምጥ ኖሮ፣ «ዕርፉንስ ማን ጨበጠ?» አለ።

«ወለተ ሚካኤል ናታ።»

«ሴት?» አስማረ ራሱን ነቀነቀ። «እኛ አገር ሴት ያረሰችው አይበቅልም ይላሉ እኮ።»

«እዚህም ይላሉ። በዚያ ዓመት አስታ ሜዳ ላይ የበቀለው ግን እሷ ያረሰችው ብቻ ነው።»

ልዕልት ወደ ማኪናዋ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ ተጋደመው እንጨት አየች።

የቀረውን ወይዘሮ እጅጋየሁ እየተጓዙ ነገሯት። ዘወልዴ ገብሱ ሲደርስ በሚካኤል ደጅ ቆሞ፣ የምሥራቁ ተረተር የዋሴ ነው፣ የልጆቹም ነው ብሎ ተናገረ። ሲሞት ግን ልጁ ገሠሠ፣ በዚያው ገብስ የተረፈው ገሠሠ፣ መጤ ርስት የለውም ብሎ ተረተሩን ወሰደ። ዋሴም ልጁ ብሩም በገዛ ጉልበታቸው ባቀኑት መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ሞቱ። በኋላ የብሩ ልጅ አለነ ዳኛ ፊት ሲቆም የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማን ልጅ ነህ? ሕጉ ማን አረሰ ብሎ አይጠይቅም። አለነም የዘወልዴ የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ ብሎ ማለና መሬቱን አስመለሰ። ቤቱ ሲገባ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሆናት ልጁን ጠርቶ፣ ቀንበሩን ማግጂው አላት። የዘወልዴ ልጅ ቀንበር ውስጥ አይገባምና መሐላው እንዲጸና እንጨቱ መጥፋት ነበረበት።

«እርስዎስ?»

«የተሰበረ ሞፈር ማገድኩና አመዱን አሳየሁት። አባቴን ያታለልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።»

አስታ ሜዳ የደረሱት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አያ አወቀ ከአያ ላቀው አጥር ውጭ፣ ከግራሩ ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። እግራቸው አጠገብ ከወንዝ የመጣ ልሙጥ ጥቁር ድንጋይ አለ።

ወይዘሮ እጅጋየሁ ከማኪናዋ ወርደው ድንጋዩን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ሸጋ ድንጋይ ነው። ስትመርጥ ነው የዋልክ?»

«እታለም፣ አታሹፊብኝ» አሉ አያ አወቀ። «ልጄ ነው። አንገቴን ቢሉኝም እሰጣለሁ።»

«አንገትማ ድሮ ሰጥተናል።» ወደ ልዕልት ዞረው ምልክት ሰጡ። ልዕልት ቀንበሩን አወጣችና ብርድ ልብሱን ገለጠችው።

አያ አወቀ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ ቀረብ ብለው በአንድ ጣት ቀዩን ቆዳ ነኩት።

«ተቃጠለ አልተባለም?»

«ተባለ።»

«እና ይህን ተሸክመሽ ልትገቢ? ሲስቁብን የኖሩት በዚህ እኮ ነው። ግማሽ ጥማድ ሲሉን፣ ከበሬ የተጠመደ ዘር ሲሉን እኮ ስለዚህ ነው።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ድንጋዩ ይሻላል። ድንጋይ ሰው ሁሉ ይሸከማል።»

«አንተ ድንጋይህን ያዝ፣ እኔ እንጨቴን እይዛለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚያወርድ እናያለን።»

አያ አወቀ ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አወጡና ቀድመው ገቡ።

የአያ ላቀው ቤት ውስጥ ዐሥር የሚያህሉ ሽማግሌዎች መደቡ ላይ ተደርድረዋል። በመካከላቸው የሚካኤሉ አለቃ ቄስ ፈንቴ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰማንያ አራት ዓመት የሆናቸው አያ ላቀው ከሁሉ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ናቸው፤ ነጭ ኩታ ለብሰዋል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አውርድ እስኪባል ቆሞ ይጠብቃልና አያ አወቀ በራፉ አጠገብ ቆሙ። አውርድ ያላቸው የለም። ሴቶቹንም ተቀመጡ ያላቸው አልነበረም።

ልዕልት ይህን ቤት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከዋሴ ቤት ወገን በእንግድነት እዚህ የገባ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ጠርዙ የተበላ ጋሻ አለ። ከጋሻው አጠገብ በሁለት ችካል ላይ የተሰቀለ የበቅሎ ኮርቻ አለ፤ ባሕር አረብ የሚሉትን ቀይ ቆዳ ለብሷል፤ በስተቀኝ የሚወርደው ክንፉ አንድ ክንድ ያህል ጎድሎታል።

አያ ላቀው ስታይ አዩዋት።

«የባላምባራስ ዘወልዴ ኮርቻ ነው ልጄ» አሉ በኩራት። «መተማ ላይ በደርቡሽ ጎራዴ የተቆረጠ። እሳቸው ከላዩ እያሉ።»

ቄስ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አያ አወቀ መጥተዋል። ቃላቸውን እንስማ።»

«ይናገር» አሉ አያ ላቀው።

አያ አወቀ አፋቸውን ከፈቱ። «አባቴ…» ብለው ያዛቸው፤ ሳሉ መጣ።

«ወንድሜ ሲያስለው እኔ ልናገር» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ።

«ሴት ዘር አትቆጥርም» አሉ አያ ላቀው። «ጎንደር ውስጥ ሌላ ሆኖ እንደሁ አላውቅም።»

«አልቆጥርም አያ ላቀው። ዕቃ ነው ያመጣሁ።»

ልዕልት ቀንበሩን ምንጣፉ ላይ አጋደመችው። ከመደቡ ጫፍ አንድ ሽማግሌ «ግማሽ ጥማድ» ሲል ተሰማ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ልክ ነው» አሉ። «ግማሽ ጥማድ ይኸውላችሁ። ስሙን ስትጠሩ ኖራችሁ ዕቃውን አላያችሁትም ብዬ ነው። በዚህ በሬ፣ በዚህ ዋሴ። ዕርፉን የያዘችው ወለተ ሚካኤል ናት። አባቴ በሐሰት ምሏል። አዎ። ዋሴ የዘወልዴ ልጅ አይደለም፤ ከተከዜ ማዶ የመጣ መጤ ነው። ይህን በስልክም ልነግርዎ እችል ነበር። የመጣሁት ለቀረችው ቃል ነው። ወንድሜ ርስታችሁን ሰርቀን በላን ብሎ አይናገርም። ዘወልዴ ተረተሩን የሰጠው ልጆቹን ላተረፈለት ለዚህ አንገት ነው።»

«ተረት ነው» አሉ አያ ላቀው ድምፃቸውን ሳያነሡ። «የባልቴት ተረት። አንድ ቀንበር ጠርቦ ቆዳ መጠቅለል ማን ያቅተዋል? ባላምባራስ ዘወልዴ ለለማኝ መሬት አይሰጥም። ድንጋዩን የተሸከመው ይናገር።»

ልዕልት አጎንብሳ ቀንበሩን አየች። ከዚያ ግድግዳውን አየች። ኮርቻው ላይ ያሉት፣ ወደ ቧሒት ሲወጡ ከብርድ ልብሱ ሥር በጣቷ ስትቆጥራቸው የነበሩትን ኮከቦች መሰሏት።

«ይቅርታ አያ ላቀው» አለች። «ኮርቻው ላይ ያለው ምንድን ነው? ኮከብ ነው?»

«ኮከብ ነው። ጎንደር ላይ የታተመ። ለባላምባራሱ ብቻ የተሠራ ነው፤ ወንድም የለውም።»

ልዕልት ፈቃድ አልጠየቀችም። ቀንበሩን በሁለት እጇ አንሥታ መደቡን አልፋ ሄደች፤ ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ሰበሰቡላት። የቆዳውን ጠርዝ ኮርቻው ክንፉ ከጎደለበት ሥፍራ ገጠመችው። ቀዩ በአንዱ ላይ በጢስ ጠቁሯል፤ በሌላው ላይ በላብ ጠቁሯል። ተርታው ግን አልተዛነፈም። እኩሌታው ኮከብ ከእኩሌታው ጋር ገጠመ። የተቆረጠበትም መስመር እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ተረጋግቶ ቁጭ ብሎ፣ በስለት የቆረጠው።

ቄስ ፈንቴ ተነሥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ቀረብ ብለው አዩ። በጣታቸው ኮከቡን ዳበሱት። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ።

«ደርቡሹ ስፌት ያውቅ ኖሯል» አለ ቅድም ግማሽ ጥማድ ያለው ሽማግሌ።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ወይዘሮ እጅጋየሁም እንደ ሌላው ሰው ደንግጠው ቆመዋል። ቀንበሩን ስድሳ ዓመት ሲጠብቁት ቆዳው ከየት እንደመጣ አያውቁም ነበር። ወለተ ሚካኤል ትከሻውን እንዳይልጠው ቆዳ ሰጡን ከማለት በቀር የነገረቻቸው የለም። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ከገዛ ኮርቻው» አሉ። «ሰው ነበረ ዘወልዴ። አያ ላቀው፣ እኔ ስወቅሰው የኖርኩት እሱንም ጭምር ነበር፤ አሁን አልወቅሰውም። ተረተሩንም እንደዚሁ ነው የሰጠው፤ የካደው ገሠሠ ነው። ቆዳው እንዴት እንደተቆረጠ አያትዎ ገሠሠ ያወራልዎ እውነት ከሆነ፣ ሚካኤል ያለው እዚህ ማዶ ነው። ይማሉና እኔ ድንጋዩን ራሴ እሸከማለሁ።»

አያ ላቀው ኮርቻውን አዩት። ከልጅነታቸው ጀምሮ በየበዓሉ ሲያወርዱት፣ ቅቤ ሲቀቡት፣ ለእንግዳ ሲያሳዩት የኖሩት ነው። እጃቸው ከዘራው ላይ ተነሥቶ ተመልሶ አረፈ።

«አልምልም» አሉ በመጨረሻ። «መጤ መሆናችሁን ግን ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ይስማ። ለዚህ ነው ከጎንደር ድረስ የመጣሁ። የአባቴን መሐላ ከቄሱ ጋር እንጨርሰዋለን፤ የኃጢአቱ ፍርድ የእግዜር ነው፣ የእርስዎ አይደለም።»

አያ አወቀ አሁንም በራፉ አጠገብ ናቸው። ድንጋዩን ከትከሻቸው ቀስ አድርገው አወረዱት። አውርድ ያላቸው የለም። ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት፣ በእግራቸው አመቻቹት፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት።

«መቀመጫ ስላልሰጣችሁኝ ነው» አሉ። «እንቁጠር ቄስ ፈንቴ።»

«አያ አወቀ ሊቆጥሩ?»

«ባለፈው አልጨረስኩም። ልጨርስ።»

ቄሱ ወደ አያ ላቀው አዩ፤ አያ ላቀው ወደ ግድግዳው። ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። ከጓዳ አንዲት ሴት ልማድ ሆኖባት በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣችና ከምሰሶው አጠገብ ቆመች።

«የአቢ አባት እኔ አወቀ» አሉ። «አለነ። ብሩ። ዋሴ።»

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። ሴትዮዋ ጣሳዋን ይዛ አንድ እርምጃ ቀረበች። አያ አወቀ ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

«አምስተኛውስ?» አሉ ቄስ ፈንቴ።

«አናውቅም። የአባቱን ስም አልነገረንም። የደላንታ ሰው ነው፣ ከተከዜ ወዲህ ሥጋ የለውም። እዚህ ስንጀምር ከእሱ ነው የምንጀምር።»

አልሳሉም። ሴትዮዋ ውሃውን ይዛ ግራ ተጋብታ ቆማ ቀረች።

«እንግዲህ ዝምድና የለም» አሉ ቄስ ፈንቴ። «እኔ እመሰክራለሁ። ተራው የሴቷ ወገን ነው። አያ ላቀው፣ ልጅቷን የሚሰጡ ከሆነ ይቁጠሩ።»

የሄለን አባት ሰውአገኝ፣ እስካሁን በአባቱ ፊት ቃል ያልተነፈሰው፣ ከአያ ላቀው ጎን ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ልጄ ስልክ ይዛ ጎንደር ላይ እየጠበቀች ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ኩታቸውን አስተካከሉ። «የሄለን አባት ሰውአገኝ። ላቀው። ተድላ።»

ቆሙ። ቀጥሎ ያለው ስም ገሠሠ ነው፤ በግማሽ ጥማድ ገብስ የዳነው፣ ተረተሩን የወሰደው፣ የደርቡሹን ጎራዴ ለልጅ ልጁ ያወራው። አያ ላቀው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከደረታቸው ደረቅ ነገር ተነሣና ያስላቸው ጀመር። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳሉ።

መደቡ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ መሬት አዩ።

«ለእሳቸው ስጪያቸው» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ ጣሳ የያዘችውን ሴት። «ይጠጡ። አንቸኩልም፤ እንጠብቃለን።»

አያ ላቀው ውሃውን ተቀብለው ጠጡ። አፋቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ከዚያ ኮርቻውን ሳያዩ፣ «ገሠሠ» አሉ። «ዘወልዴ።»